ፓወርፖይንት፣ ጉግል ስላይድስ፣ ካንቫ ወይስ ኢምፕሬስ? ለትንንሽ ተማሪዎች ፕሮጀክት የቱን ልያዝ ለምትሉኝ

ጥያቄው የሚመጣው ሁሌ የፕሮጀክት ማስረከቢያ ሲቃረብ ነው። "ልጆቹ ድምፅና ቪዲዮ ያለው ፕሬዘንቴሽን ይሥሩ ተብሏል፤ የትኛውን ፕሮግራም እንግዛ?" አንዷ ጠያቂዬ ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች፣ አንዱ የሁለት ልጆች አባት ነው፣ ሌላው ትምህርት ቤት ውስጥ የዕቃ ግዥ ይሠራል። ለሦስቱም ለየብቻ በስልክ ስመልስ ከርሜ ደከመኝ፤ ከአሁን በኋላ የሚጠይቀኝን ሁሉ "ይህን አንብብ" ልለው ነው።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ለፕሮግራሙ ሳንቲም አትክፈሉ። ነፃ የሆነውን ኢምፕሬስን ጫኑና የተረፈው ገንዘብ ደህና ማይክና ደህና ድምፅ ማጉያ ይግዛ። ሚዛኔ ወዳንድ ወገን ያዘነበለ ነው፣ አልደብቅም። ያዘነበለበት ምክንያት ደግሞ ኪሴን ያስለቀሰ ነገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአራተኛ ክፍል ልጆቼ የምንጠቀምባቸው አራት ላፕቶፖች ነበሩን። "የዕድሜ ልክ" የተባለ የኦፊስ (ፓወርፖይንትን የያዘው የማይክሮሶፍት ጥቅል) ቁልፍ፣ ማለትም የፈቃድ ቁጥር፣ አገኘሁ፤ ዋጋው የእውነተኛውን አንድ አሥረኛ አይሞላም። ገዛሁ። ሻጩ ቁጥሩን በጽሑፍ መልእክት ላከልኝ፣ አስገባሁት፣ ሠራ። መንፈቅ ሳይሞላ በሁለቱ ላፕቶፖች ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ። ፋይል ይከፈታል፣ ይነበባል፤ አንዲት ፊደል መጨመር ግን አይቻልም። ሻጩ ስልኩን አያነሳም። በኋላ ሲገባኝ እንዲህ ያለው ቁልፍ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ተቋም በጅምላ የተሰጠ ነው፤ አንዱ እየቆራረጠ ይሸጠዋል፣ ሲነቃበት ይዘጋል። "የዕድሜ ልክ" የተባለው የቁልፉ ዕድሜ ነው፣ የኔ አይደለም።

በብስጭት ከዚያ የባሰ ጥፋት ሠራሁ። አንድ ሰው ክራክ የተደረገ (የፈቃድ መቆለፊያው የተሰበረ) ኮፒ በፍላሽ ሰጠኝ። ፕሮግራሙ ከመጫኑ በፊት "ፀረ ቫይረሱን አጥፋ" ይላል። ሌባ ከአጥር ውጭ ቆሞ "ውሻህን እሰረው" ሲል እሺ ማለት ነው፤ እኔም እሺ አልኩ። በሳምንቱ የልጆቹ ማኅደሮች ሁሉ ወደ ሾርትከት ተለወጡ። ሲጫኑት የሚከፍት ይመስልና ቫይረሱን ወደሚሰካው ፍላሽ ሁሉ ይዘራል። ልጆቹ ፍላሻቸውን ወደ ቤት ወስደው የወላጅ ኮምፒውተር ላይ ሰኩ። የቀረውን አስቡት። (ይህ የደረሰበት ሰው ካለ ፎርማት ለማድረግ አይቸኩል። አብዛኛውን ጊዜ ፋይሎቹ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም፤ ዊንዶውስ ውስጥ ባለው "አትሪብ" በተባለው ትእዛዝ መደበቂያው ይነሳላቸዋል። ሁለት ሌሊት የፈጀብኝን ትምህርት በነፃ ሰጠኋችሁ።)

እንግዲህ ሕጋዊውን ዋጋ እንቁጠር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ያወጣው አንድ ጊዜ ተከፍሎበት የሚቀረው ኦፊስ ሆም 2024 ሲወጣ በአሜሪካ የተለጠፈበት ዋጋ 149.99 ዶላር ነበር፤ ያውም ለአንድ ኮምፒውተር። ለአራት ሲባዛ 600 ዶላር ሊሞላ አራት ሳንቲም ይጎድለዋል። በየዓመቱ የሚከፈልበት የግለሰብ ማይክሮሶፍት 365 ደግሞ ለረጅም ጊዜ 69.99 ዶላር ቆይቶ እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ 99.99 ሆኗል። አንድ ልጅ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ለአምስት ዓመት ይጠቀምበት ብንል 500 ዶላር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ይህ ሁሉ ምን ሊሠራበት ነው? ስለ ውኃ ዑደት ስድስት ስላይድ።

ፓወርፖይንት መጥፎ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ከአራቱ ውስጥ በሙያው አንደኛ እሱ ነው። ልጁ ስላይዱ ላይ እንዳለ ድምፁን ይቀዳል፣ ሥራው ሲያልቅ በአንድ ትእዛዝ ወደ ቪዲዮ ይለወጣል፤ ቪዲዮ ከሆነ በኋላ በየትኛውም ስልክ ላይ ይታያል። ከላፕቶፑ ጋር ሕጋዊ ሆኖ ከመጣላችሁ ይህን ጽሑፍ ዝጉትና ሥራችሁን ቀጥሉ። መጠንቀቅ ያለባችሁ የቆዩትን እትሞች ነው። የ2016 እና የ2019 ኦፊስ የደህንነት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ አሁንም እየዞረ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ እያራገፈ ነው። በነፃ መጠቀም የሚፈልግም መንገድ አለው፦ በኢንተርኔት የሚሠራው ፓወርፖይንት የማይክሮሶፍት አካውንት ላለው ለማንኛውም ሰው ነፃ ነው፤ ዕውቅና ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ ኤ1 የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ያለ ክፍያ ማግኘት ይችላል። ግዥ ክፍል ያለው ወዳጄ ይህን ሲሰማ ለደቂቃ ዝም አለ። ለካ በነፃ የሚያገኘውን ነገር ነው ሊገዛ የነበረው።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ፓወርፖይንት እ.ኤ.አ. በ1987 ለማኪንቶሽ ሲወጣ የታሰበው ለቢሮ ሰዎች ነበር፤ የመጀመሪያው እትም የሚያዘጋጀው በላስቲክ ላይ ታትሞ በኦቨርሄድ ፕሮጀክተር የሚታይ ጥቁርና ነጭ ገጽ ነው። ዛሬም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስላይድ ስትከፍቱለት የሚያየው የመጀመሪያ ነገር ርዕስና የነጥብ ዝርዝር ነው። ልጁም ዝርዝሩን ከመጽሐፉ ይገለብጥና ይሞላዋል፣ ከዚያ ጀርባውን ለክፍሉ ሰጥቶ ያነብበዋል። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬ ያንን ሳጥን ማስጠፋት ነው። ባዶ ስላይድ፣ አንድ ሥዕል፣ የልጁ ድምፅ። ሪቻርድ ሜየር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በመልቲሚዲያ ትምህርት ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች ያገኘውም ከዚህ የራቀ አይደለም፦ ሥዕል ከድምፅ ጋር ሲሄድ ሰው የተሻለ ይማራል፤ የሚነገረው ቃል በቃል ስክሪኑ ላይ ሲጨመርበት ግን ዓይን ሁለት ቦታ ይሻማል። ገንዘቡ ወደ ማይክ ይሂድ የምለው ለዚህ ነው።

ጉግል ስላይድስ ነፃ ነው፣ 15 ጊጋባይት ማስቀመጫ ከአካውንቱ ጋር ይሰጣል፣ በራሱ ያስቀምጣል። አራት ልጆች በአራት ኮምፒውተር አንድ ሥራ ላይ አንድ ላይ መሥራታቸውን የሚያህል ነገር የለም። አንዱ የሌላውን ስላይድ ቢያጠፋ (ያጠፋል) ከለውጥ ታሪኩ ውስጥ ማን መቼ ምን እንዳጠፋ ታይቶ ይመለሳል። ማን እንዳጠፋ መታየቱ የሚያስነሳውን ጠብ ግን ራሳችሁ ትዳኛላችሁ። ችግሩ ሌላ ነው። ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ በአብዛኛው አገር የራሱን የጉግል አካውንት መክፈት አይፈቀድለትም፤ ወይ ትምህርት ቤቱ የትምህርት አካውንት ያወጣለታል፣ ወይ ወላጅ በቁጥጥር ይከፍትለታል። ዕድሜ ዋሽቶ መክፈት ደግሞ ልጅን በመጀመሪያው ቀን ውሸት ማስተማር ነው። ድምፅ ለማስገባትም ፋይሉ አስቀድሞ ድራይቭ (የጉግል የኢንተርኔት ማስቀመጫ) ላይ መጫን አለበት፤ ስላይዱን አጋርታችሁ የድምፁን ፋይል ካላጋራችሁ ተማሪው ቤት የሚናገረው ስላይድ መምህሩ ጋ ሲደርስ ዲዳ ይሆናል። ቪዲዮውም እንደዚሁ፤ ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ ባዶ ሳጥን ነው የምታዩት። ኢንተርኔታችሁ አስተማማኝ ከሆነ፣ አካውንቱም በትምህርት ቤት በኩል ከመጣ፣ ሁለተኛ ምርጫዬ ይህ ነው። ካልሆነ አይደለም።

ካንቫ (ዝግጁ ንድፎች የያዘ የኢንተርኔት ፕሮግራም) ላይ ረጅም አልሄድም። ያምራል። ለመምህራንና ለተማሪዎቻቸው፣ ማንነት ከተረጋገጠ በኋላ፣ ነፃ የሆነ የትምህርት እትምም አለው፤ ያን ሳያወጡ የሚገቡ ሰዎች ናቸው ዘውድ ምልክት ያለበትን ሥዕል መርጠው መጨረሻ ላይ "ክፈል" የሚባሉት። ቅሬታዬ ማማሩ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ስለ ንብ የሠራው ነገር የባንክ ብሮሹር ሲመስል ልጁ የት አለ? ቅርጹን ሌላ ሰው ሠርቶለታል፣ ሥዕሉን ሌላ ሰው ስሎለታል፤ ለሱ የቀረው ቃላት መቀየር ብቻ ነው። ወላጆች ይወዱታል። መምህራን ለግድግዳ ማስታወቂያ ይጠቀሙበት፣ እኔም እጠቀማለሁ።

ወደ ኢምፕሬስ። ይህ ሊብሬኦፊስ ከተባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ራሱን ችሎ ከሚሠራው ነፃ ጥቅል ውስጥ የስላይዱ ክፍል ነው። ነፃ ስል ሙከራ ማለቴ አይደለም፤ ቁልፍ የለውም፣ አካውንት የለውም፣ የዕድሜ ገደብ የለውም። አንድ ጊዜ ታወርዱታላችሁ፣ በፍላሽ ይዛችሁ አርባ ኮምፒውተር ላይ ትጭኑታላችሁ፣ ማንም "የማን ነው?" አይላችሁም። ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው አሮጌ ላፕቶፖች በዊንዶውስ ፋንታ ነፃው ሊኑክስ ተጭኖባቸው በዚሁ ፕሮግራም ለተጨማሪ ዓመታት ያገለግላሉ፤ ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ካበቃ ወዲህ ይህ የዋዛ ነገር አይደለም። በአራት ላፕቶፕ ሲባዛ ዋጋው ዜሮ ነው። በአርባም ሲባዛ ያው ዜሮ።

ጉድለቱን ሳልናገር ብቀር ነገ ትወቅሱኛላችሁ። ይዞት የሚመጣው የስላይድ ቅርጽ ያረጀ ነው፤ እኔ ባዶ ስላይድ ስለምወድ አልጎዳኝም። በፓወርፖይንት የተሠራ ፋይል ሲከፍት ጽሑፍ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል፤ ስለዚህ ቤትም ክፍልም አንድ ዓይነት ፕሮግራም ይሁን። ትልቁ ጉድለት ግን ድምፅ መቅጃ በውስጡ አለመኖሩ ነው። ልጁ ድምፁን በስልክ ወይም ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ይቀዳና ፋይሉን ያስገባል። አንድ እርምጃ ተጨመረ። እኔ ግን ይህን እርምጃ ወድጄዋለሁ፤ ልጁ የራሱን ድምፅ መልሶ ይሰማል፣ "ኧረ ይኼ እኔ አይደለሁም" ይላል፣ እንደገና ይቀዳል፣ ሦስተኛው ላይ መተንፈሻ ቦታውን ያውቃል። በሚያስገቡበት ጊዜ "ሊንክ" የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት እንዳይኖር። ካለ ድምፁ ፋይሉ ውስጥ አልገባም፤ ስላይዱ የሚያውቀው አድራሻውን ብቻ ነው። በኤምፒ ስሪ ቅዱ፦ ያልታመቀ ድምፅ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፣ ኤምፒ ስሪ በተለመደው ጥራት 1 ሜጋባይት ገደማ።

ፊደልም አለ። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስላይድ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ወይ ቅርጹ ይቀየራል ወይ የሳጥን ሰልፍ ይሆናል። በኢምፕሬስ ከፋይሉ "ፕሮፐርቲስ" ውስጥ "ፎንት" በሚለው ገጽ ፎንቱን ከፋይሉ ጋር ማሸግ ይቻላል፤ በፓወርፖይንትም በማስቀመጫ አማራጮቹ በኩል። ፎንቱ ራሱ አይገዛም፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም አቢሲኒካም ነፃ ናቸው።

ልጆቹ ከስምንት ዓመት በታች ከሆኑ ደግሞ ስላይድ የሚባለውን ነገር ተዉት። ልጆች ሥዕል የሚያንቀሳቅሱበት ስክራች ጁኒየር ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉ የተሠራ ነው፣ በታብሌት ይሠራል፣ ነፃ ነው። ልጁ እንቁራሪቱን ይስላል፣ ድምፁን ይቀዳበታል፣ ያዘልለዋል። ከ8 ዓመት ጀምሮ ታላቅ ወንድሙ ስክራች አለ፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ እትምም አለው። ከእነዚህ ሁሉ ስላይዶች ይልቅ ልጆች ራሳቸው ሮጠው የሚመጡበት እሱ ነው።

አሁን ገንዘቡ ወደሚወጣበት ልሂድ፤ አስመሳይ ዕቃ የሚበዛውም እዚህ ነው።

ከፍላሽ ልጀምር። ባለፈው የፕሮጀክት ቀን የአምስቱን ቡድኖች ሥራ 128 ጊጋባይት በሚል አንድ ፍላሽ ላይ ሰብስቤ ነበር፤ ዋጋው የባለ 16 ያህል ነው፣ ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ። ክፍሉ ወላጅ ሞልቷል። የአንደኛው ቡድን ተከፈተ፣ የሁለተኛውም። ሦስተኛው ጋ ስም አለ፣ መጠኑ ይታያል፣ ሲጫን "ፋይሉ ተበላሽቷል"። የዝናቡን ድምፅ በራሷ አፍ እየሠራች የቀዳችው ልጅ እጇን አጣምራ ከፊት ቆማ ነበር። ስላይዱ እንደማይከፈት ሲገባት ዞር ብላ ሙሉውን በቃሏ ተናገረችው፣ "ሽሽሽ" የሚለውን ዝናብ ጨምሮ። ጭብጨባው ለሷ ነበር፤ ላቡ የኔ። እንዲህ ያለው ፍላሽ ውስጡ ያለው ማስቀመጫ ትንሽ ሆኖ ለኮምፒውተሩ "128 ነኝ" እንዲል የተደረገ ነው። ልኩን እስክታልፉ ሁሉን ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ የምትጽፉት የቀደመውን ይደመስሳል ወይም የትም አይደርስም፣ ስሙ ግን ይታያል። ኤች2ቴስትደብሊው የተባለ ነፃ ፕሮግራም ፍላሹን እስከ ጥግ ሞልቶ መልሶ ያነብበዋል፤ ለሊኑክስ ኤፍ3 አለ። ሰዓታት ይፈጃል። ይፍጅ። ለክፍል ሥራ 16 ወይም 32 ይበቃል፤ ሁለት እውነተኛ ትንንሽ ከአንድ ሐሰተኛ ትልቅ ይሻላሉ።

ማይክ ላይ ውድ ነገር አልመክርም። ኮሌታ ላይ የሚሰካው ባለ ገመድ ይበቃል፤ ከላፕቶፑ የራሱ ማይክ የሚበልጠው ለልጁ አፍ ስለሚቀርብ ብቻ ነው፣ የጎረቤቱ ጫጫታ ይቀንሳል። ከመግዛታችሁ በፊት መሰኪያውን ገልብጣችሁ እዩት። ለስልክና አንድ ቀዳዳ ብቻ ላላቸው ላፕቶፖች የሚሆነው ሦስት ጥቁር ቀለበት ያለበት ነው፤ ሁለት ቀለበት ያለው ለካሜራ ነው፣ ስልኩ ላይ ቢሰካ ስልኩ ማይክ መሆኑን አያውቅም። ይህን ሳላውቅ ሦስት ገዝቼ ሦስቱንም "ተበላሹ" ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከትቻቸው ነበር።

ፕሮጀክተር ወይስ ቴሌቪዥን የሚለው ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሜትር አውጡና ክፍሉን ለኩ። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ጽሑፍ እንዲያነብ ርቀቱ ከምስሉ ቁመት ስድስት እጥፍ ባይበልጥ ይመረጣል። 55 ኢንች ቴሌቪዥን ቁመቱ 68 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እስከ 4 ሜትር ይሆናል። 65 ኢንቹ 5 ሜትር አካባቢ ያደርሳችኋል። በፕሮጀክተር የሚጣል 100 ኢንች ምስል 7 ሜትር ተኩል። ክፍላችሁ አጭር ከሆነ ያለ ማመንታት ቴሌቪዥን፤ አምፖል የለው፣ ማጣሪያ የለው፣ መጋረጃ አይፈልግ፣ ድምፁም አብሮት ነው። የኔ ክፍል ረጅም ስለሆነ ከፕሮጀክተር አልተላቀቅኩም።

ፕሮጀክተር የምትገዙ ከሆነ ካርቶኑ ላይ "9000 ሉመን" ብሎ (ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) በጣም ርካሽ የሆነውን ትንሹን ሳጥን አትንኩት። የሚጠየቀው ቁጥር በወጥ ዘዴ የተለካው፣ ኤኤንኤስአይ ሉመን የሚባለው ነው፤ መስኮት ላለው ክፍል ከ3000 አካባቢ በታች አትውረዱ። "1080 ይደግፋል" ማለትም የራሱ የምስል ጥራት 1080 ነው ማለት አይደለም፤ ተቀብሎ ሊያሳንሰው ይችላል። ይህ ዓይነቱ ማታ ግድግዳ ላይ ፊልም ያሳያል፣ ረፋድ ላይ ግን ልጆቹ የሚያዩት ግራጫ ጭጋግ ነው። ከዚያ አዲስ ሳጥን ያገለገለ የታወቀ ስም ያለው ይሻላል። የአምፖሉን ሰዓት ከሜኑው ውስጥ እዩ፤ አብዛኛው አምፖል ከ2000 እስከ 5000 ሰዓት ይቆያል፣ በቀን ሁለት ሰዓት ለ200 የትምህርት ቀን ብታበሩት በዓመት 400 ነው። ቆጣሪው ወደ ዜሮ ሊመለስ ስለሚችል ማጣሪያውንም አስከፍቱ፤ ሜኑው 300 ሰዓት ብሎ ማጣሪያው የበግ ለምድ የሚያህል አቧራ ካለበት አንዳቸው ይዋሻሉ። ነጭ ገጽ አስከፍታችሁ ጥጉን እዩ፤ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ነጠብጣብ ካለ ውስጡ በሙቀት ተጎድቷል፣ ጥገናው አያዋጣም፣ ጥላችሁ ሂዱ።

መለዋወጫ አምፖል ላይ አትቆጥቡ። አንዴ የእውነተኛውን ሲሶ የማይሞላ ገዝቼ ሳምንት ሳይሞላው እንደ ጎማ ፈነዳ። የአሮጌ አምፖል ማቀፊያ ውስጥ ምንነቱ ያልታወቀ አምፖል ከተውበት ነው። አምፖሉ ውስጥ ሜርኩሪ ስላለ ልጆቹን አስወጥቼ መስኮቱን ሁሉ ከፈትኩ፤ የቀረው ትምህርት ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ሆነ፣ ስብርባሪው ደግሞ ፕሮጀክተሩን ለጠጋኝ አስከፈተኝ። የጠጋኙ ሒሳብና የሁለተኛው አምፖል ዋጋ ሲደመር መጀመሪያ እምቢ ካልኩት ከእውነተኛው በለጠ።

አንድ የቀረኝ ነገር ገመድ ነው። ቪጂኤ የተባለው አሮጌ የምስል ገመድ ድምፅ አያስተላልፍም። "ምስሉ አለ፣ ድምፁ የለም" ብላችሁ ከመደወላችሁ በፊት የሰካችሁት የቱን እንደሆነ እዩ፤ ሰማያዊ ራስ ያለውና ግራና ቀኝ ብሎን ያለው ከሆነ ወይ ምስልና ድምፅ አብሮ የሚወስደውን ኤችዲኤምአይ ፈልጉ፣ ወይ ድምፅ ማጉያውን ላፕቶፑ ላይ በቀጥታ ሰኩ።